የመሪጌታ የጡት ልጅ

ሰው ሲሞት ልብሱ ለድኃ ይሰጣል፣ ከብቱ ይከፈላል፤ አስቸጋሪው ሳጥኑ ነው። የመሪጌታ ኃይለ ሚካኤል ሳጥንም ባለቤቱ ከተቀበሩ ጀምሮ ማንም ሳይነካው አልጋቸው ሥር ከረመ። ሙት ዓመታቸው ሲቃረብ ግን ልጃቸው ጽዮን ከንፋስ መውጫ መጣችና ገና አረፍ ሳትል፣ «እታለም፣ ይህን ሳጥን እንለየው» አለች።

እታለም የምትላት ዘርፌን ነው። ዘርፌ ከቤተ ልሔም ቤተ ክርስቲያን ወረድ ብሎ ባለው በመሪጌታ ቤት የምትኖር ሴት ናት። አዛውንቱ ዓይናቸው ከጠፋ ወዲህ እጃቸውን ይዛ ቅዳሴ የምታደርሳቸው፣ ሲታመሙ የምታገላብጣቸው፣ በመጨረሻም ዓይናቸውን የከደነችላቸው እሷ ናት። ጽዮንንም አዝላ ያሳደገቻት እሷው ናት። ጽዮን ዛሬ አስተማሪ ሆናለች፣ አርባን ተጠግታለች፣ ልጇ ሜሮን እንኳ ደርሳ ልትዳር ነው፤ ለዘርፌ ግን ያችው ጀርባዋን እያራሰች ያደገች ሕፃን ናት።

«ምኑን ነው የምንለየው?» አለች ዘርፌ። «አባየ በሕይወት ሳሉም ሳጥናቸውን አላስነኩ።»

«አይጥ ይጨርሰው ታዲያ? ስሚኝማ፤ ለሙት ዓመቱ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ ይሰበሰባል። የቤተሰቡን ታሪክ በትልቅ ባነር አሳትሜ ዳሱ ውስጥ ልሰቅለው ነው። ከሰባተኛው አያት እስከ እኛ ድረስ፣ ከነፎቶው! የሚቀመጠውን እናስቀምጣለን፣ የቤተ ክርስቲያኑን ለቤተ ክርስቲያን እንመልሳለን፣ የማይረባውን እናቃጥላለን። ቤቱም ይተነፍሳል፣ አንቺም ትተነፍሻለሽ።»

ዘርፌ ከዚህ ሁሉ ወሬ የሰማችው «እስከ እኛ» የሚለውን ነው። ደስ አላት። ለምን ደስ እንዳላት ለማያውቅ ሰው ታሪኩን ልንገር።

ዘርፌን መሪጌታ አልወለዷትም። በስልሳ ስድስቱ ድርቅ እናቷ ከስማዳ ይዛት ስትሰደድ መንገድ ላይ ሞተችና ሕፃኗን መሪጌታ አነሷት። ማንሣት ብቻ አይደለም። እሳቸውና ባለቤታቸው ወይዘሮ ዓለምጸሐይ ያን ጊዜ ልጅ አልነበራቸውም። ሽማግሌ ሰበሰቡ፣ አውራ ጣታቸውን ማር ውስጥ ነክረው እንደ ጡት አጠቧት፣ «ከእንግዲህ ጡቴን የጠባች ልጄ ናት፤ ከአብራኬ ከሚወጣ አትለይም» ብለው ማሉ። የጡት ልጅ ማለት ይህ ነው። ቀልድ የለበትም። ከዚያ ወዲያ ልጅ ልጅ ነው፤ ለወጉም ለክልከላውም።

ዘርፌን ያቃጠላት ክልከላው ነው። ኮረዳ ሳለች የመሪጌታ የወንድም ልጅ ቻላቸው ወደዳት፤ እሷም ወደደችው። «በደም አንገናኝም» ብሎ ሽማግሌ ላከ፣ ምስኪን። መሪጌታ ተነሥተው ቆሙ። «እንዴት! የአጎቷ ልጅ አይደለም ወይ? ጡቴን የጠባች ልጅ እኮ ናት! ሰባት ቤት ሳይሞላ መጋባትን ከየት አመጣችሁት?» ሽማግሌዎቹ ደንግጠው ወጡ። ቻላቸው ወደ እስቴ ተሻገረ፣ እዚያው አገባ፣ ወለደ። ዘርፌ ገብስ ማሳ ውስጥ ገብታ አለቀሰችና ሆድ ይፍጀው ብላ ተወችው። ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁሉ እምቢ አለች፤ ሌላ ባል አላማራትም። ሲከፋት የምትጽናናበት አንድ ነገር ብቻ ነበራት። «ልጃቸው ባልሆን አይከለክሉኝም ነበር» ትላለች። ሌላው ሰው በመወለድ ብቻ ያገኘውን አባት እሷ ቻላቸውን ከፍላ አገኘችው።

እንግዲህ ሳጥኑ ተከፈተ። ቁርበት አነጠፉና ሁለቱ እህትማማቾች ፊት ለፊት ተቀመጡ። የሌለ ነገር የለም፤ ባትሪው የፈሰሰ ሬዲዮ፣ በክር የታሰረ መነጽር፣ የተሰበረ ጸናጽል፣ በነጠላ የተጠቀለለ የብራና ድጓ፣ ክሩ የተበላ ማተብ፣ ከጃንሆይ ዘመን ጀምሮ የተጠራቀመ የግብር ደረሰኝ፣ ወይዘሮ ዓለምጸሐይ ለዘርፌ የሰፉላት የልጅነት ቀሚስ፣ የቤተሰቡ ፎቶዎች።

«ይህን ሁሉ ደረሰኝ የሚያስቀምጡት ጃንሆይ ተመልሰው ይጠይቁኛል ብለው ነው?» አለች ጽዮን።

«አባየን አታውቂያቸውም? የከፈልሁበት ወረቀት ከከፈልሁት ይበልጣል ይሉ ነበር» አለች ዘርፌ። ተያይተው ሳቁ። ሳቁ ወደ ለቅሶ ሊያዘነብል ሲል ጽዮን ስልኳን አወጣችና፣ «በይ ሐረጉን ቁጠሪልኝ፣ ልቅዳው» አለች።

ዘርፌ ጉሮሮዋን ጠረገች። መሪጌታ ዓይናቸው ከጠፋ በኋላ በየማታው ዘራቸውን እየቆጠሩ ያስጠኗት ነበር፤ ዘር የጠፋበት ሰው ከእህቱ ጋር ሊጋባ ይችላል ብለው ይፈሩ ነበርና። ማን ማንን እንደ ወለደ፣ ማን ከየት እንደ መጣ፣ ማን ለመንኩስና እንደ ሄደ፣ ሳትደናቀፍ አወረደችው። ጽዮን ስልኩን አፏ ሥር ያዘችላት። ፎቶዎቹንም አንድ በአንድ እያነሣች፣ «ይህ ማን ነው? ይህችስ?» አለች፤ ዘርፌ ሁሉንም ነገረቻት። ደስታዋን ብታዩት! ዕድሜ ልኳን ጓዳ ለጓዳ ስትል የኖረች ሴት በድንገት የቤቱ ታሪክ ነጋሪ ሆናለች።

መካከል ላይ ስለ ሙሽራው ጠየቀች። «የሜሮን እጮኛ የማን ልጅ ነው ያልሽኝ? ከስማዳ ነው ስትሉ ሰማሁ።»

«ዲያቆን ነው። ደጋግ ሰዎች ናቸው።»

«ስማዳ እኮ አገሬ ነው! የአባቱን ስም ብትነግሪኝ...»

«ኋላ ትተዋወቂያለሽ፣ እታለም። ይህ ፎቶ የማን ሠርግ ነው?» ብላ ጽዮን ወሬውን ቀየረችው። ዘርፌም የሠርጉን ታሪክ ጀመረች። የሚያምን ሰው ምን ይጠረጥራል?

ሲመሻሽ ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን ያዘ። ድጓው ለቤተ ክርስቲያን ተለየ። ለባነሩ የሚሆኑት ፎቶዎች ጽዮን ቦርሳ ውስጥ ገቡ። የማይረባውን ደግሞ ዘርፌ ጓዳ ገባ ስትል ጽዮን ራሷ ማዳበሪያ ውስጥ ከተተችና አፉን ጥብቅ አድርጋ አሰረችው።

«ይህን አቃጥይልኝ፣ እታለም። እኔ የአባየን ነገር ለማቃጠል አንጀቴ አይችልም።»

«አንጀት የሌላት እኔ ነኝ ማለት ነው?» ብላ ዘርፌ ቀለደች። ከዚያም ማዳበሪያውን ተሸክማ ወደ ጓሮ ወጣች፣ ቆሻሻ ከሚጣልበት ጉድጓድ ውስጥ አኖረችው፣ ክብሪት ጫረችበት። እሳቱ እስኪበላው ድረስ ቆማ በእንጨት እየቆሰቆሰች ጠበቀችው። ሥራ ስትሠራ ግማሽ ላይ አትተውም።

የሙት ዓመቱ ቀን ደረሰ። ቅዳሴው ሲያልቅ ፍትሐት ተደረገ፤ ሕዝቡም እየተንጋጋ ወደ ዳሱ ገባ። ዘርፌ ጠላውን ስታስቀዳ፣ ወጡን ስታስወጣ፣ ካህናቱን ስታስቀምጥ ቀና የማለት ጊዜ አላገኘችም። ቀና ያለችው አንዲት ጎረቤት፣ «አቤት አቤት፣ ባነሩ እንዴት ያምራል!» ስትል ነው። እጇን በመቀነቷ ጠርጋ ሄደች። ፊደል መሪጌታ ራሳቸው አስቆጥረዋታል፤ ለማንበብ ማንም አያስፈልጋትም።

ሐረጉ ከላይ እንደ ዛፍ ይወርዳል። እሷ በቃሏ ያወረደችው ሁሉ ሳይዛነፍ አለ። ከግርጌው፣ «መሪጌታ ኃይለ ሚካኤል» ይላል፤ ከጎኑ «ወይዘሮ ዓለምጸሐይ» ይላል። ከሁለቱ አንድ መስመር ወርዶ፣ «ጽዮን» ይላል። ከጽዮን ደግሞ «ሜሮን»። አለቀ።

ዘርፌ እንደገና አነበበች። ከቀኝ ፈለገች፣ ከግራ ፈለገች፣ ከታች የማተሚያ ቤቱ ስልክ ቁጥር ከተጻፈበት አጠገብ ሳይቀር ፈለገች። የለችም። ከጎን ንፋስ መውጫ ፎቶ ቤት ሄደው የተነሡት ፎቶ አለ፤ መሪጌታ በካባ፣ ወይዘሮ ዓለምጸሐይ በቀሚስ፣ ጽዮን በሕፃንነቷ መካከል ላይ ቆማ። ዘርፌ ከጽዮን ኋላ ነበር የቆመችው። አሁን ከኋላ ማንም የለም። የሕፃኗ ትከሻ ላይ ግን ከአንጓው የተቆረጠ የሰው እጅ አለ። ዘርፌ የራሷን እጅ አወቀችው።

መጀመሪያ የመጣባት ንዴት በማተሚያ ቤቱ ላይ ነው። «እነዚህ ልጆች ዓይን የላቸውም! እንዲህ ያለ ሥራ ይሠራል? እህቴ ስታየው ምን ትል!» እያለች ወደ ጓዳ ገባች። የጽዮንን ልብ እንዳይሰብረው ሠጋች። አያችሁልኝ? ተቆርጣ የወጣችው እሷ፣ የምታዝነው ለቆራጯ።

ጽዮን ጓዳ ውስጥ ብርጭቆ ትለቃቅማለች።

«ጽዬ፣ አትደንግጪ» አለቻት ዘርፌ። «ያ ማተሚያ ቤት ጉድ ሠርቶናል። እኔን ዘሎኛል። ፎቶውንም ቆርጦታል። ሰው ሳያየው እናውርደው ወይስ ይቅር?»

ጽዮን ብርጭቆዎቹን አስቀመጠች።

«ማተሚያ ቤቱ አይደለም፣ እታለም።»

«ማን ነው ታዲያ?»

«እኔ ነኝ።»

ዘርፌ ሳቅ አለች፤ ቀልድ መሰላት። ጽዮን ግን አልሳቀችም። በሩን ገፋ አደረገችና ቃሏን እየዋጠች ነገረቻት። የሜሮን እጮኛ ዲያቆን ዮሐንስ የዘመኑ ልጅ ነው። ዘመኑ ደግሞ የዘርፌ ወንድም ነው፤ የእናቷ ልጅ። ከድርቁ ተርፎ፣ ስንት ዘመን አፈላልጎ ያገኛት፣ አርብ ገበያ በመጣ ቁጥር ሰላም ሳይላት የማያልፍ ወንድሟ።

«ዲያቆን ስለሆነ የሚያገባው በተክሊል ነው» አለች ጽዮን። «አዲሱ የደብራችን ካህን የኔታ ማቴዎስ ዘር ሳይቆጠር አልባርክም ብለዋል። አንቺ የአባየ ልጅ ከሆንሽ ለሜሮን አክስቷ ነሽ። ለዮሐንስም አክስቱ ነሽ። ሁለቱም አንቺን አክስቴ እያሉ እንዴት ይጋባሉ? ልጄ ሌላ ሰው አላገባም አለችኝ፣ እታለም። ምን ላድርግ? የማሩን ነገር ያዩት ሽማግሌዎች ሞተዋል። የቀረው ወረቀትና ፎቶ ነው ብዬ...»

«ዘመኑ ያውቃል?»

«ያውቃል። ተስማምተናል።»

ዘርፌ ወደ እህቷ ቀረበች። «ሌሎቹስ ፎቶዎች? ከአባየ ጋር ጥምቀት የተነሣነው? እማማ የሰፉልኝ ቀሚስ? ሳጥኑ ውስጥ ነበሩ እኮ።»

ጽዮን ዓይኗን ወደ ጓሮው በር መለሰች። ዘርፌ ማዳበሪያውን አስታወሰች፣ ጥብቅ ብሎ የታሰረውን አፉን አስታወሰች፣ እንዳይተርፍ በእንጨት የቆሰቆሰችውን አስታወሰች። ልጅነቷን በገዛ እጇ አቃጥላዋለች። ደግሞ ሲነድ ቆማ ጠብቃዋለች!

«ክብሪቱን እኔ እንድጭር ሰጠሽኝ» አለች። ድምፅዋ ከፍ አላለም። «ሐረጉን ከአፌ ቀዳሽ፣ ፎቶውን በእኔ አስለየሽ፣ ከዚያ እኔን በእኔ አስቃጠልሽ። ጽዮን፣ ቻላቸውን ታውቂው ነበር?»

«እታለም...»

«አታውቂውም፤ ሕፃን ነበርሽ። የአጎትሽ ልጅ ነው ተብዬ ተከለከልሁ። ጡት ጠብተሻል ተብዬ። እሺ አልሁ። ባሌን፣ ልጆቼን፣ ቤቴን፣ ሁሉን ተውሁ። ያን ጊዜ ልጅ ነበርሁ፤ ዛሬ ባዳ ሆንሁ? ለክልከላው ጊዜ ልጅ፣ ለጋብቻው ጊዜ ባዳ?»

«ልጠይቅሽ ፈልጌ ነበር። እምቢ ብትይስ ብዬ ፈራሁ።»

«አንቺን እምቢ ብዬሽ አውቃለሁ?»

እውነትም ጽዮን አንድም ቀን እምቢ ተብላ አታውቅም። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል፤ ዘርፌ ግን ፈረሱን ራሷ ቀልባ ነው ያሳደገችው። ብትጠይቃት ኖሮ ስለ ሜሮን ስትል ከሐረጉ ራሷ ትወጣ ነበር፤ አልቅሳ፣ ግን ወዳ። ያልጠየቃት ሰው የምትሰጠውን እንኳ ነጠቃት።

ከዳሱ ሰው መጣ። «ዘርፌ፣ የኔታ ይጠሩሻል።»

ዳሱ ውስጥ ምግቡ ተነሥቷል። የኔታ ማቴዎስ ከካህናቱ መካከል ተቀምጠዋል፤ ወደ ደብሩ የመጡት በቅርብ ነው፣ መሪጌታን ያወቋቸው በእርጅናቸው ብቻ ነው። በቀኛቸው የስማዳ ሽማግሌዎች አሉ። ዘመኑም አለ። ዘርፌን ሲያያት ዓይኑን ወደ ዋንጫው መለሰ። ሜሮን ማሰሮ ይዛ ምሰሶው አጠገብ ቆማለች፤ ጠላው በማሰሮው ጠርዝ ይፈሳል።

«ነይ ልጄ» አሉ የኔታ። «ዛሬ ሁለቱም ወገን ስለ ተገናኘ ዘሩን ቆጥረን ልንጨርስ ነው። ባነሩን አየነው፤ ንጹሕ ነው፣ የሚነካካ ነገር የለበትም። ነገር ግን መሪጌታ የጡት ልጅ ነበረቻቸው ሲሉ ከሩቅ ሰምቻለሁ። ዘመኑ እህቱ መሆንሽን አልደበቀኝም። እንግዲህ ከራስሽ አንደበት ልስማው። አንቺ ለመሪጌታ ምናቸው ነሽ?»

ጽዮን ከኋላዋ መጥታ በሩ ላይ ቆመች።

ዘርፌ አንድ ቃል ብትናገር ትመለሳለች። «ልጃቸው ነኝ» ብትል የኔታ ያምኗታል፤ ጽዮንን አስምለው ይጠይቋታል፣ ጽዮንም በአባቷ ሙት ዓመት በካህናት ፊት አትዋሽም። ያ ባነር ይወርዳል። ስሟ ይመለሳል። ዘርፌ ይህን ሁሉ አሰበችው፣ ቃሉም ምላሷ ጫፍ ደርሶ ነበር። ከዚያ ሜሮንን አየቻት። ልጅቱ ልክ እንደዚያ ነው የቆመችው፤ ሽማግሌዎቹ ስለ ቻላቸው ሲነጋገሩ ዘርፌ ራሷ የጓዳ በር ይዛ እንደ ቆመችው። ያን ቀን ማንም አላዘነላትም።

«ምን እኔን ይጠይቁኛል፣ የኔታ?» አለች። «ተጽፎ ተሰቅሎ የለም? ልጅ ብሆን እዚያ እጠፋ ነበር?»

«ታዲያ ምናቸው ነበርሽ?»

«ገረዳቸው» አለች ዘርፌ፤ ዳር እስከ ዳር እንዲሰማ አድርጋ። «የቤቱ ገረድ ነበርሁ።»

የኔታ በእሺታ ራሳቸውን ነቀነቁ። የስማዳ ሽማግሌዎች «ተመስገን» አሉ። ዘመኑ ከዋንጫው ቀና አላለም። ከሴቶቹ መካከል አንዷ እልል ልትል ጀመረችና የሙት ዓመት መሆኑን አስታውሳ አፏን ያዘች። ሜሮን ማሰሮዋን አስቀምጣ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች። የሠርጉ ቀን ተቆረጠ ማለት ነው። ሁሉም የፈለገውን አገኘ።

ዘርፌ የተበላበትን ሳህን እየሰበሰበች ወደ ጓዳ ተመለሰች። ጽዮን ተከትላት ገባችና እግሯ ላይ ወደቀች። ጉልበቷን አቅፋ እንደ ሕፃንነቷ ትንሰቀሰቅ ጀመር። «እታለም፣ ማሪኝ! ባነሩን ዛሬውኑ አወርደዋለሁ! ሠርጉ ይለፍና ሌላ አሳትማለሁ፣ ስምሽን ከእኔ አስቀድሜ አጽፈዋለሁ! እታለም፣ በአባየ አጥንት ይዤሻለሁ፣ ማሪኝ!»

ዘርፌ ሳህኖቹን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ጎንበስ ብላ የጽዮንን ክንድ ያዘች፤ ሳትቆጣ፣ በወጉ፣ ከመሬት አነሣቻት።

«ይነሡ፣ እሜቴ» አለቻት። «እንግዳ ያያል፣ ነውር ነው። የሚታዘዝ ካለ ይንገሩኝ፣ ሥራ አለብኝ።»

«ምን ማለትሽ ነው? እታለም፣ እኔ እኮ ነኝ! እንዲህ አትበዪኝ!»

ዘርፌ ውኃውን ከበርሜሉ ጨልፋ ወደ መዘፍዘፊያው ገለበጠች፤ እጅጌዋንም ሰበሰበች።

«አባትዎን ነፍስ ይማር» አለች። «ለእኔስ ደግ ጌታ ነበሩ።»